የአሥራ ስምንተኛዋ ሴት ቃል

አማካሪዬ «የመጀመሪያውን ረቂቅ በአንድ ወር ውስጥ እፈልጋለሁ» ባሉኝ ሳምንት ሦስት ቦታ ተቀምጬ ሦስት የተለያየ መግቢያ ጻፍኩ። አንዱን በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ፀዳ ከተማ፣ ኮምፒዩተር ባላት የክፍል ጓደኛዬ ቤት፣ አንዱን ደግሞ እዚሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር፣ አባቴ ጨርቅ ከሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል። ሦስቱንም ቀደድኳቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወንበሩ አልመቸኝም። ፀዳ በየአጥሩ ቤት ይሠራ ስለነበር የድንጋይ ጠራቢዎቹ መዶሻ ሐሳቤን በታተነው። ሱቁ ጓዳ ስቀመጥ ገበያተኛ በገባ ቁጥር ብድግ እያልኩ መጋረጃውን እገልጣለሁ። ለሰው የምናገረው ምክንያት ይህ ነበር። ትክክለኛው ምክንያት ግን ቦርሳዬ ውስጥ የማዞራት አንዲት ካሴት ነበረች።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጎንደር ከመመለሴ በፊት፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ብርዳም ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ያኔ በጣቢያው አዋላጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሴቶቹ በቃሬዛ ሲመጡ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከእጅ ሊወጣ ሲል ነው፤ አብዛኞቹ ጭራሽ አይመጡም። ይህ ያበሳጨኝ ነበር። ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ምረጡ ስንባል ሳላመነታ መረጥኩ፤ ጤና ጣቢያ እያለ እናቶች ለምን ቤታቸው ይወልዳሉ የሚል። እውነቱን ለመናገር መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። መንገዱ ይርቃል፣ ባል ይከለክላል፣ ግንዛቤ የለም። ከጥናቱ የፈለግኩት ይህንኑ እንዲያረጋግጥልኝ ብቻ ነው።

አማካሪዬ በዕድሜ የገፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሐኪም ነበሩ። ሴቶቹን ራሴ እንዳነጋግር አልፈቀዱልኝም።

«አንቺን ያውቁሻል» አሉኝ። «በነጭ ጋውን ያዩሽ ሴቶች ስለ ጤና ጣቢያው እውነቱን ፊትሽ ላይ አይናገሩም። ሌላ ሰው ፈልጊ።»

እዚያችው ከተማ የምታስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ጓደኛ ነበረችኝ። የገጠሩ ሰው ይወዳታል። እሷን ለመንኩ። ቴፕና ባዶ ካሴቶች ላክሁላት፤ ጥያቄዎቹንም ጻፍኩላት። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ ስምንት ሴቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች አነጋገረች። ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ካሴት። ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልላ በአውቶቡስ ላከችልኝ። ቁጥር እንጂ ስም አልተጻፈባቸውም።

ካሴቶቹን አባቴ ሱቅ ጓዳ ተቀምጬ፣ አንዲቷን ዓረፍተ ነገር ሦስት አራት ጊዜ ወደ ኋላ እያጠነጠንኩ፣ በደብተር ገለበጥኳቸው። ከአንደኛዋ እስከ አሥራ ሰባተኛዋ ድረስ የጠበቅሁትን ነገሩኝ፤ ወይም ያኔ እንደዚያ ሰማሁ። አሥራ ስምንተኛዋን ያስገባሁት አንድ ጠዋት ነው። መጀመሪያ የውሻ ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎ የሴትዮዋ ድምፅ፣ ደረቅ ያለና የማይቸኩል።

«መጀመሪያዬንማ ሄጃለሁ» አለች። «አልሄድኩም አልልም። ምጡ ሲጠናብኝ ባሌና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ አድርገው ወሰዱኝ። አማቴም አብራኝ አለች። ገብስ የሚታጨድበት ሰሞን ነው። ሲስተሯ መልኳ ሸጋ ነው፤ የከተማ ልጅ፤ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች። አልጋው ላይ አስተኛችኝ። ጓንቷን አጠለቀች። እጇን ሆዴ ላይ እንዳኖረች ውጭ የማኪና ጡሩምባ ጮኸ። አንዴ አይደለም፤ ደጋግሞ። ጓንቷን አወለቀች። ‹ገና ነሽ፤ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ነይ› አለችኝ። ሳታየኝ ነው። ‹ኧረ ሲስተር፣ ደርሷል› ብላት ‹የማውቀው እኔ ነኝ› አለችኝና ወጣች።»

መምህርቷ «ከዚያስ?» ስትላት ይሰማል።

«ከዚያማ ተመለስን። ወንዙ ጋ ሳንደርስ ወለድኩ። አማቴ በነጠላዋ ከለለችኝ። ልጂቱ ሴት ናት፤ ዛሬም አለች፤ ተርፋለች። እኔም ደሜ ፈሶ ፈሶ እንዴት እንደቆመ እንጃ። የኋለኞቹን ሁለቱን ቤቴ ነው የወለድኩ። ምነው ብዬ እሄዳለሁ? ገና ነሽ ለመባል?»

ቴፑን አጠፋሁት።

ማኪናዋ እኔን የምትጠብቅ ነበረች። የእህቴ ሰርግ ሳምንት ነው፤ የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ የሂናው ዝግጅት አለ። ፈቃድ ስለምን ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆይቼ፣ ተተኪ የለም እየተባልኩ፣ በመጨረሻ ሦስት ቀን ተሰጠኝ። ሹፌሩ ጎንደር ድረስ ሊያደርሰኝ ቃል ገብቶ ነበር፤ ጡሩምባ ከነፋሁ በኋላ አልጠብቅም ብሎኛል። የጡሩምባውን ድምፅ አስታውሳለሁ። ጋቢና ስገባ ጫማዬ ጭቃ መሆኑን አይቼ እንዳፈርኩ አስታውሳለሁ። ዳባትን እስክናልፍ ድረስ ከሹፌሩ ጋር እንደሳቅን አስታውሳለሁ። ሴትዮዋን ግን አላስታወስኳትም። ፊቷን ለማምጣት ዓይኔን ጨፍኜ ብሞክር የመጣልኝ ባዶ አልጋ ነው። ከሁሉ የከፋብኝ ይህ ነው።

ሌላ ነርስ ትሆን ይሆናል ብዬ ካሴቷን ደጋግሜ ሰማሁ። ሌላ አልነበረችም።

ያን ቀን ካሴቷን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳትና ረቂቁን በአሥራ ሰባቱ መጻፍ ጀመርኩ። ጀመርኩ ልበል እንጂ መቀመጥ አልቻልኩም። ጠዋት አንድ አንቀጽ ጽፌ ፒያሳ እወጣለሁ። ሰው የምፈልግ መስዬ ዞሬ እመለሳለሁ። ሁለት መስመር ሠርዤ ታክሲ ተሳፍሬ አዘዞን አልፌ ፀዳ እሄዳለሁ፤ ኮምፒዩተሩ እስኪከፈት መስኮት ላይ እቆማለሁ። ተከፍቶ ፍሎፒዬን ሳስገባ መብራት ይጠፋል፤ መጥፋቱ ደስ ይለኛል። መግቢያውን የሰው መጽሐፍ በሚመስል ቋንቋ ሞላሁት። ስለ ርቀት አንድ ምዕራፍ፣ ስለ ባሎች ውሳኔ አንድ ምዕራፍ፣ ስለ ግንዛቤ ማነስ ረጅም ምዕራፍ ጻፍኩ። ገጹ በበዛ ቁጥር የባሰ ተቁነጠነጥኩ። በወሩ መጨረሻ አሳትሜ አማካሪዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩና አመስግኜ ቶሎ ወጣሁ።

በሳምንቱ አስጠሩኝ። ረቂቁ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዘዋል።

«ስንት ሴት አነጋገርኩ ብለሻል?»

«አሥራ ስምንት።»

«የጠቀስሻቸውን ሁሉ በቁጥር ጠቅሰሻል። ጥሩ አድርገሻል። እኔ ግን አሥራ ሰባቱን ብቻ ነው ያገኘሁት። አሥራ ስምንተኛዋ የታለች?»

«ካሴቷ ተበላሸች» አልኩ። ቃሉ ከአፌ የወጣበት ፍጥነት ራሴን አስደነገጠኝ።

አማካሪዬ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እንግዲያው መምህርቷ ተመልሳ ታነጋግራት። ሩቅ አይደለም። ይህ ካልተቻለ አሥራ ሰባት በይና ምክንያቱን ጻፊ። ስትጽፊ ግን ትክክለኛውን ምክንያት ጻፊ።»

ጠርጥረው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄያቸውም አላውቅ።

ከዚያ በቀጥታ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። አባቴ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት ተመልሶ ጥቅል ጨርቆቹን እየደረደረ ነበር። ገበያ የለም። ሳልቀመጥ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስዘዋወር አየኝ።

«ሰሞኑን ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ቁጭ ብድግ ነው። ያ ጽሑፍ ነው?»

«አባዬ፣ የእህቴ የሂናዋ ዕለት ትዝ ይልሃል?»

ፊቱ በራ። «እንዴት አይለኝም? አትደርስም ብለን ተስፋ ቆርጠን ከነቦርሳሽ ስትገቢ እናትሽ በደስታ አለቀሰች።»

ነገርኩት። ጡሩምባውን፣ ጓንቱን፣ ወንዙን። አባቴ እጁን ጨርቁ ላይ እንዳኖረ አዳመጠኝ።

«ልጅቱ ተርፋለች አልሽ?»

«ተርፋለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ጨርቁን መጠቅለል ጀመረ። «አሁን ይህን ነገር ሳትጽፊ ብትመረቂ፣ አርፈሽ የምትቀመጪ ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያ ሂጂ። መጀመሪያ ሴትዮዋን አፉ በይኝ በያት። ጽሑፉ ይደርሳል።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መምህርቷ መናኸሪያው ላይ ጠበቀችኝ። ቀድሜ በስልክ ነግሬያት ስለነበር ከሴትዮዋ ጋር ተነጋግራለች፤ «ትምጣ» ብላታለች። መንገድ ጀምረን ከከተማው እንደወጣን ጠየቅኋት።

«ስለ እኔ እንደምታወራ አውቀሽ ነበር?»

«ጡሩምባ ስትል ገባኝ። ያን ቀን ስትሄጂ የሸኘሁሽ እኔ ነኝ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ከነገርኩሽ ሳታዳምጪው ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ» አለች።

ታጭዶ ያለቀ የገብስ ማሳ አቋርጠን፣ ገደል ገደሉን ይዘን ወርደን አንድ ወንዝ ተሻገርን። ድንጋዮቹን ስረግጥ የትኛው ቦታ ይሆን እያልኩ ዙሪያዬን አያለሁ። መጠየቅ ግን አልደፈርኩም። ከወንዙ በላይ ያለው ዳገት ሲያልቅ አውድማው ታየ። አንድ ሽማግሌ በበሬ ገብስ ያበራያሉ።

«አያ፣ እንደምን ዋሉ?» አልናቸው።

«እግዜር ይመስገን» ብለው ወደ አውድማው ዳር አመለከቱን። «ያቻት።»

ሴትዮዋ በሰፌድ ገብስ ታነፍሳለች። የእኔ እኩያ ነች፤ ምናልባትም ታንሳለች። ሰላም ስንላት ራሷን ነቀነቀች እንጂ ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«መጣሽ?» አለችኝ።

«መጣሁ። አወቅሽኝ?»

«ምነው አላውቅሽም። ሻሽሽ ብቻ ነው የተለወጠ።»

ስንሄድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም። «ያኔ በደልኩሽ» አልኳት። «ሳልመረምርሽ ነው የመለስኩሽ። አላወቅኩም ነበር፤ ማለቴ፣ ሳይሽ ደርሷል ብዬ አላሰብኩም፤ አላየሁሽም እንጂ…» አቆምኩ። የምለው ሁሉ ሰበብ እየሆነብኝ መጣ።

«ምን አጣደፈሽ ያን ቀን?» አለች። በቁጣ አልነበረም። ለብዙ ዓመት ማወቅ የፈለገችውን ነገር እንደምትጠይቅ ሰው ነው።

«የእህቴ ሰርግ ነበር።»

ሰፌዱን ያኔ ነው ያስቀመጠችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ሰርጉ ሸጋ ነበር?»

«አዎ።»

«ደግ» አለች።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«እግዜር ይቅር ይበልሽ። እኔ ገና ነኝ» አለች፤ ቀጥላም «ተቀመጡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ» ብላ ድንጋይ አሳየችን። ቆሎ አምጥታ እፍኛችን ውስጥ ጨመረችልን። በመካከሉ አንዲት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከቤት ወጥታ እናቷ ጀርባ ቆመች። ማን እንደሆነች አልነገረችኝም። መናገርም አላስፈለጋትም። ልጅቱ ለረጅም ጊዜ አየችኝና ቆሎ ጠየቀችኝ። የእጄን ሰጠኋት።

የመጣሁበትን ሌላውን ጉዳይ አነሣሁ። የተናገረችው ጽሑፍ ውስጥ እንዲገባ ፈቃዷን እንደምፈልግ፣ ካልፈለገች ካሴቷን እንደምመልስላት ነገርኳት።

«ስሜን ትጽፊያለሽ?»

«አልጽፍም።»

«ያንቺንስ?»

«የእኔ ላዩ ላይ አለ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።»

«እሱን አይደለም ያልኩሽ። ጓንቷን ያወለቀችው እኔ ነኝ ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

መምህርቷ ወደ መሬት ታያለች። «እጽፋለሁ» አልኩ።

«እንግዲያ ጻፊው። እንዳለ ጻፊው፤ አታሳምሪው።»

ጎንደር ተመልሼ መጀመሪያ ያደረግኩት የአሥራ ሰባቱን ሴቶች ካሴት እንደገና መስማት ነው። ይህን ማንም አላዘዘኝም። ግን አንዷን በደንብ ካልሰማሁ ሌሎቹንስ ሰምቼ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ መቀመጫ ነሣኝ። የፈራሁት ነገር እዚያው ነበር። «ፊት አይሰጡም» ያለች አለች፤ እኔ ግንዛቤ ማነስ ከሚለው ሥር መድቤያታለሁ። «ሄጄ ውጭ ተቀምጬ ዋልኩ» ያለች አለች፤ ርቀት ከሚለው ሥር ከትቻታለሁ። አንዷ «ልብሴ ቆሻሻ ነው ተባልኩ» ብላ ስትስቅ በካሴቱ ላይ ይሰማል፤ እሷንማ ጭራሽ አልገለበጥኳትም። ስለ ግንዛቤ ማነስ የጻፍኩት ረጅሙ ምዕራፍ ፈረሰ። አንድ ወር የለፋሁበት ረቂቅ ከመግቢያው በስተቀር አንድም ገጽ እንደነበረ አልቀረም።

ትግሉ የጀመረው ያኔ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው የሚቀርበው። በእንግሊዝኛ ደግሞ፣ በተለይ በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ፣ ነገሩ መደረጉን ተናግሮ አድራጊውን ሳይጠሩ ማለፍ ቀላል ነው። ‹ሳትመረመር ተመለሰች› ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው ጨዋ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማንም አይከፋበትም። ከጎኑ ያለውን ደብተሬን ሳይ ግን የሴትዮዋ ቃል «አለችኝ» ይላል። በአማርኛው ማምለጫ የለም፤ በዚያች «አለችኝ» ውስጥ ያለችው ሴት እኔ ነኝ። ዓረፍተ ነገሩን ሠረዝኩት። በሌላ መንገድ ጻፍኩት፤ ያንንም ሠረዝኩት። ተነሥቼ ቅዳሜ ገበያ እስከሚባለው ሰፈር ሄጄ ተመለስኩ። ለዚያች አንዲት ገጽ አምስት ቀን ፈጀሁ። በመጨረሻ ከአሠራር ዘዴው ምዕራፍ ላይ፣ አጥኚዋ በዚያ ጤና ጣቢያ አዋላጅ እንደነበረች፣ አሥራ ስምንተኛዋ ሴት የምትገልጻትም አዋላጅ አጥኚዋ ራሷ እንደሆነች፣ ምናልባትም በቂ ምርመራ ሳታደርግ እንደመለሰቻት ጻፍኩ።

አዲሱን ረቂቅ ለአማካሪዬ ስሰጥ ካሴቷ አለመበላሸቷንም ነገርኳቸው። «ይገባኛል» ብቻ አሉ። ሲመልሱልኝ እንደ ልማዳቸው ቀይ ያልነካው ገጽ አልነበረም። በዚያች አንቀጽ ላይ ግን የሠረዙት አንድ ቃል ነው፤ ‹ምናልባትም› የሚለውን።

«ፈታኞቹ ይህን ይዘው ሊያስቸግሩሽ ይችላሉ» አሉኝ። «ራስሽን ያካተተ ጥናት አይወዱም።»

አስቸገሩኝ። አንደኛው ፈታኝ ጥናት ያቀረብኩ ሳይሆን የንስሐ አባት ፊት የቆምኩ እንደሚመስል ተናገረ፤ ሰዉ ሳቀ። የቻልኩትን መለስኩ። አለፍኩ፤ ብዙ አላመሰገኑኝም።

ከዚያ በኋላ ያን ምዕራፍ በአማርኛ በእጄ ጻፍኩና ለመምህርቷ ላክሁላት። አውድማው ድረስ ሄዳ ለሴትዮዋ አነበበችላት። በሳምንቱ ደወለችልኝ።

«ምን አለች?» አልኳት።

«እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ‹እንደዚሁ ነው› አለች። አንድ ነገር ግን ቀርቷል አለች።»

«ምን?»

«አማቷ በሩ ላይ ቆማ ለምናሻለች። እጅሽን ይዛ ‹ልጄ፣ አንዴ ብቻ እያት› ብላሻለች። እሱ አልተጻፈም አለች።»

ካሴቷ ላይ ይህ አልነበረም። አማቷም ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ጽሑፉ ግን ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍቱ ገብቷል። የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ አንድ ገጽ እንኳ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አንዴ ከገባ አይነካም አለችኝ። በዚያ መደርደሪያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር እጄን ይበላኛል። አንዳንዴ አውጥቼ ያችን ገጽ እገልጣለሁ፤ እስክሪብቶም ይዣለሁ፤ ሰው ሲመጣ መልሼ አስቀምጣለሁ።